ዱንጉዛውን ማን አነሣው?

በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ ወላይታ ሶዶን ያያት ሰው የምለው ይገባዋል። ከሕፃን እስከ አዛውንት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሰደረበት ዱንጉዛ ለብሶ ይወጣል። በየመንገዱ ዳር ስልክና ካሜራ የያዙ ልጆች «ትንሽ ወደ ጥላው ጠጋ በይ»፣ «ጋቢውን ትከሻህ ላይ አድርገው» እያሉ ሲያነሡ ይውላሉ። ማታ ላይ ፎቶው በየቴሌግራሙ ይዞራል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ በዓል ጨዋታ ያየዋል። እኔ ግን ፋሽን ፎቶግራፍ ነው እላለሁ። ለምን እንደምል ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ካሜራ ወደዚህ አገር የገባበት መንገድ ደስ አይልም። በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር በንጉሥ ጦና ላይ ሲዘምት ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ አብሮ ተጉዟል። በኋላ ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ምስሎች ራሱ ካነሣቸው ፎቶዎች የተዘጋጁ ናቸው። ንጉሥ ጦና በዚያ ጦርነት ቆስለው ተማርከዋል። ቮግ የተባለው ዝነኛ የፋሽን መጽሔት ኒውዮርክ ላይ መታተም የጀመረው ከዚህ ዘመቻ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ እዚያ ሰው ራሱ መርጦ የለበሰውን ሲያሳይ፣ እዚህ ደግሞ ከዘማች ጋር በመጣ እንግዳ ዓይን ይታይ ነበር።

ከዚያ የቤተ መንግሥቱ ዘመን መጣ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉበት። እነዚያን ፎቶዎች ልብ ብላችሁ እዩ። ካባው፣ ለምዱ፣ ዘውዱ ሁሉ ስለ ሥልጣን ይናገራል። ልብስን አሳምሮ ማንሣት ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዕድሉ ግን የጥቂቶች ነበር።

ዕድሉ ወደ ተራው ሰው የወረደው በየከተማው በተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ነው። ያ ትውልድ ግን ብዙ ጊዜ ኮትና ክራቫት ከፎቶ ቤቱ ተውሶ ነበር የሚነሣው። የአባቶቻችንን አልበም ስትገልጡ በልካቸው ያልሆነ ኮት ለብሰው የምታዩአቸው ለዚህ ነው። መሠልጠን ማለት የሌላውን ልብስ መልበስ መስሎ ይታይ ነበርና።

የዛሬው ልጅ ዱንጉዛውን ለብሶ፣ በገዛ ጓደኛው ካሜራ ፊት ሲቆም፣ ይህን ሁሉ ታሪክ እየገለበጠ ነው። ፋሽን ፎቶግራፍ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መሣሪያው ትንሽ ነው የሚለኝ ይኖራል። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን ሰዎች በስልኩ እያነሣ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስ ኢንስታግራም ሽልማት አግኝቷል። የመሣሪያ ነገር ቢሆን ኖሮማ ቮግ አልጎደለውም። ሆኖም የአሜሪካው እትም ሽፋኑን ለጥቁር ፎቶግራፍ አንሺ የሰጠው ገና በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወጣቱ ታይለር ሚቸል ቢዮንሴን ያነሣ ጊዜ። ከተመሠረተ 126 ዓመቱ ነበር! እዚያ የጎደለው የማየት ፈቃድ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። በ2025 እ.ኤ.አ. በዚሁ መጽሔት ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረች፣ በሕይወት የሌለች ሞዴል ማስታወቂያ ሠርታለች። ነገ ማንም ሰው «ዱንጉዛ የለበሰች ልጅ» ብሎ በመጻፍ ምስል ያወጣል። በዚያ ምስል ውስጥ ግን ሸማኔ የለም፣ ለባሽ የለም፣ አንሺም የለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ አንድ ቀላል ነገር አለኝ፤ ስም ይጻፍ። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍን የሚጠብቀው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከወጣ ወይም የሠሪውን ስምና አድራሻ ከያዘ ነው። ስለዚህ አንድ ሱቅ ከልጁ ፎቶ ላይ ስሙን ቆርጦ ለማስታወቂያ ሲለጥፈው፣ ምስጋናውን ብቻ ሳይሆን የመብቱንም መሠረት እየቆረጠ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺዎቹም የድርሻቸውን ያድርጉ። የራሳቸው ስም ሲቀር የሚያንገበግባቸው ልጆች የሸማኔውን ስም የሚጽፉት ስንቴ ነው? በዚህ አገር ሸማኔ ሲናቅና ሲሰደብ ኖሯል፤ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪነገር ድረስ። ጨርቁን አድንቆ ሠሪውን መርሳት የዚያ ንቀት ታናሽ ወንድም ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው የዘንድሮውን የጊፋታ ፎቶ ያገኝ ይሆናል። ማን እንደ ሸመነው፣ ማን እንደ ለበሰው፣ ማን እንዳነሣው ከሥሩ ካነበበ ታሪካችንን በራሳችን እጅ ጽፈናል ማለት ነው። ስም ከሌለው ግን ዳግመኛ በእንግዳ ዓይን እንደ ታየን እንቆጠራለን።

በሚቀጥለው ጊፋታ ፎቶ ስትለጥፉ ሦስቱንም ስም ጻፉ።