ሸክላና ስም

አያቴ ምጣድ የምትገዛበት ቀን ለእኔ የፍርሃት ቀን ነበር። በደብረ ማርቆስ ገበያ ከእህል ተራው ወዲያ ሸክላ ሠሪዎቹ ምጣዳቸውን፣ ጀበናቸውንና እንስራቸውን ጭድ ላይ ደርድረው ይቀመጣሉ። አያቴ ምጣዱን በጣቷ አንኳኩታ ታዳምጠዋለች፤ ደህናው ይጮኻል፣ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። በዋጋ ትከራከራለች፤ ስትስማማም ብሩን በሴትዮዋ መዳፍ ሳይሆን ከፊቷ ካለው ድንጋይ ላይ ታኖርላታለች። እኔ በዚህ መካከል ቆሎ ልቆረጥም እጄን ወደ አፌ ሳነሣ አያቴ በነጠላዋ ትሸፍነኛለች።

የማልረሳው ግን የአያቴን ነጠላ አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሊበላ መሆኑን ስታይ፣ ማንም ሳይነግራት ፊቷን ወደ ሌላ ታዞር ነበር። በኋላ ልጁ ቢታመም «እሷ በላችው» እንዳትባል ቀድማ ዓይኗን ትሸሽግ ነበር።

«ቡዳ ናት» ተብሎ ተነግሮኛል። ከየት እንደመጣች፣ ሃይማኖቷ ምን እንደሆነ፣ ቤተ እስራኤል ትሁን አትሁን የጠየቀ ሰው አልነበረም። በእኛ አገር እሳትና ጭቃ የነካ እጅ ሁሉ አንድ ስም ብቻ ይበቃው ነበርና።

ይህን ትዝታ ከብዙ ዓመት በኋላ የቀሰቀሰብኝ አንድ በርሊን የሚኖር የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተውን የበርሊን የአይሁድ ሙዚየም ጎብኝቶ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ሕንፃው እንደ መብረቅ የተሰባበረ፣ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዳንኤል ሊበስኪንድ የተባለው አርክቴክት በሕንፃው ውስጥ ሆን ብሎ ባዶ የተተዉ፣ ከታች እስከ ላይ የሚወጡ ክፍተቶች አኑሮበታል። የጠፉት ሰዎች ቦታ በዕቃ እንዳይሞላ ማለቱ ነው። ከእነዚያ ባዶዎች በአንዱ ወለል ላይ መናሼ ካዲሽማን የተባለው ቀራፂ የሠራቸው ከአሥር ሺህ በላይ የብረት ፊቶች ተነጥፈዋል፤ ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል። ጎብኚው ሊሻገር ሲል በእነርሱ ላይ መራመድ አለበት፤ ሲራመድም ብረት ከብረት እየተጋጨ ይጮኻል። ባልንጀራዬ «ግማሽ መንገድ ሄጄ ተመለስኩ» ብሎ ጻፈልኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ ቤቶች ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም የመጀመሪያው የአይሁድ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1895 በቪየና የተቋቋመው ነው፤ የፕራጉ በ1906 ተከተለ። የፕራጉ ታሪክ ልብ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1942 በናዚዎች ሥልጣን ሥር የቦሔሚያና የሞራቪያ አይሁዳውያን ንዋያተ ቅድሳት ወደዚያ ተጋዙ፤ ዕቃዎቹን እየመዘገቡ ቁጥር የሰጧቸው ራሳቸው አይሁዳውያን የሙዚየሙ ሠራተኞች ነበሩ። መዝጋቢዎቹም አብዛኞቹ ወደ ሞት ካምፕ ተወሰዱ፤ መዝገቡ ቀረ። ዛሬ በዚያው ከተማ በሚገኘው የፒንካስ ምኩራብ ግድግዳ ላይ ወደ 78,000 የሚጠጉ ሰዎች ስም፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ ተጽፏል።

በክራኮቭ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከጦርነቱ በፊት ከከተማዋ ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ አይሁዳዊ ነበር። ካዚሚየሽ በተባለው አሮጌ ሰፈራቸው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የአይሁድ ባህል ፌስቲቫል ይከበራል፤ የጀመሩት አይሁዳውያን ያልሆኑ ወጣት ፖላንዳውያን ነበሩ። በዚያው ሰፈር ጺማም አይሁዳዊ ሳንቲም ይዞ የሚያሳዩ ትናንሽ የእንጨት ምስሎች ይሸጣሉ፤ በቤት ቢኖሩ ገንዘብ ያመጣሉ ተብሎ ይታመናል። እኔም ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነኝና ይህ ነገር ከነከነኝ። ሰውን ካጡ በኋላ የሰውን ምስል ከገንዘብ ጋር አጣብቆ ማስቀረት ፍቅር ይባላል ወይስ ሌላ? ፖላንዳውያኑ ራሳቸው በዚህ ይከራከራሉ።

ከዚያም ወለቃ ትዝ አለኝ።

በ2010 ዓ.ም. ለሥራ ሥልጠና ጎንደር ሄጄ ሳለሁ በአንድ የዕረፍት ቀን ከከተማዋ በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ ወዳለችው ወለቃ ወጣሁ። የመንገድ ዳር ጽሑፉ «የፈላሻ መንደር» ይላል፤ ስድብ ሆኖ የኖረ ስም ለቱሪስት ማስታወቂያ ሆኗል። ጸሎት ቤቷ ጭንቅላቷ ላይ የዳዊትን ኮከብ ደፍታ ቆማለች፤ ቤተ እስራኤሎች የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉታል፤ ከ«ሰገደ» የወጣ ነውና የበዓላቸው የ«ስግድ» ስምም ከዚያው ሥር ይቀዳል። የሚሰግድበት ሰው ግን የለም። በደጃፉ ሴቶች ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ፦ ኦሪት የታቀፈ ቄስ፣ አንበሳ፣ ሰሎሞንና ሳባ በአንድ አልጋ። አንዱን ቄስ አንሥቼ ሳገላብጥ ሻጪቱ ሳልጠይቃት፣ «እኔ ክርስቲያን ነኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ፈገግ ብዬ አለፍኩ፤ ኋላ ግን ፊቷን ካዞረችው ሴት ጋር አያይዤዋለሁ። ሸክላ የነካ እጅ ዛሬም መከላከያ ይፈልጋል።

እንዴት ሸክላና ብረት የእነርሱ ዕጣ ሆነ? እንደ ትውፊቱ ከሆነ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው አፄ ይስሐቅ፣ ካሸነፋቸው በኋላ ያልተጠመቀ ሁሉ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አወጀ፤ «ፈላሻ» የሚለውም ስም ከመፍለስ ጋር ይያያዛል። ርስት ባጣ ሰው እጅ የሚቀረው ሙያ ነው። ሴቱ ሸክላ፣ ወንዱ ብረትና ሸማ፤ የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲገነቡም ግንበኛውና አናጢው ከእነርሱ ይገኝ ነበር። ማረሻውን የሠራ እጅ የሚያርሰው መሬት የለውም፤ «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረታችን ለቀልድ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የሙያ ሰው በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አያቴ ከአዋጁ በኋላ የተወለደች ናት።

ለእኔ እጅግ የሚገርመኝ ግን ይህ አይደለም። ጎጃም ተወልዶ የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው (እኔ ከደጃፉ ብዙም አላለፍኩም) ግዕዝ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ይመስለዋል። ቤተ እስራኤል ግን ኦሪታቸውን የሚያነቡት በግዕዝ ነው፤ ጸሎታቸው ከጥቂት የአገው ቃላት ጋር በግዕዝ ነው። «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው መጽሐፋቸው ሰንበትን እንደ ሴት ልጅ፣ በፈጣሪ ፊት ቆማ ለሰው እንደምትማልድ አድርጎ ያቀርባታል። ይህን የሚሰማ የጎጃም ባለቅኔ ቀንቶ ሊያድር ይችላል። እኛ ስለ ቡዳነታቸው ስናወራ በዚያው ቋንቋችን እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ኖረዋል።

ያንን መጽሐፍ ያሳተመው ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ አይሁዳዊ ነው። ጆሴፍ ሃሌቪ እ.ኤ.አ. በ1867 እና 1868 ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች ሲደርስ ነጭ ወገን አለን ብሎ የሚያምነው አላገኘም ነበር፤ ኢየሩሳሌምን በስም ሲጠራ ነው የሰዎቹ ፊት የተለወጠው። «ትእዛዘ ሰንበት»ን በ1902 በፓሪስ አሳተመ። የእርሱ ተማሪ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 መጣ። የተወለደው ፖላንድ ውስጥ በሎጅ ከተማ ነው፤ ከላይ ያነሣሁት ሊበስኪንድም በስልሳ አምስት ዓመት ልዩነት የተወለደው እዚያው ሎጅ ነው። አንዱ ከሎጅ ተነሥቶ የቀሩ ወገኖቹን ፍለጋ ወደ ጎንደር ወጣ፤ ሌላው ያለቁ ወገኖቹን ባዶነት በርሊን ላይ ገነባ።

ፋይትሎቪች ሲመለስ አሥመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያገኘውን ታምራት አማኑኤልን ወደ አውሮፓ ወሰደው። ታምራት በፓሪስና በፍሎረንስ ተምሮ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት መራ፤ በኋላም መንግሥቱን በፓሪስ አገልግሎ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢየሩሳሌም አረፈ። ወለቃ የተወለደው ዮና ቦጋለም በኢየሩሳሌም፣ በጀርመንና በፓሪስ ተምሮ ዕድሜውን ለመምህርነትና የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ሰጠ። ቮልፍ ሌስላውም አለ። ፖላንድ ተወልዶ በፈረንሳይ የጦርነቱን የእስር ካምፕ ቀምሶ ከተረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የቤተ እስራኤልን ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ሰብስቦ አሳተመ፤ የአማርኛ ሰዋስውም ጻፈ። በመቶ ዓመቱ በ2006 ሲሞት የእኛን ግሥ ከብዙዎቻችን አስተካክሎ የሚያረባ ሰው ሞተ።

እንግዲህ ወደ ቀዬዬ ልመለስ። በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም የምትባል ጥንታዊ ደብር አለች። በትውፊት ክርስትና ከመግባቱ በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው ከነበሩት አራት ቦታዎች አንዷ ናት ይባላል፤ ሌሎቹ አክሱም፣ ጣና ቂርቆስና ተድባበ ማርያም ናቸው። በቅጥሯ ውስጥ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ድንጋዩ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ፣ ዛሬም ቆሟል። የደብሩ ሰው «እኛ ኦሪትን የተቀበልን ነን» ሲል አንገቱን ቀና አድርጎ ነው፤ እውነቱን ነው። ወንድ ልጃችንን በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፤ ቅዳሜንም ከእሑድ ጋር ሰንበት ብለን እናከብራለን። ኦሪት ስትርቅ ክብራችን ናት፤ ገበያ ላይ ሸክላ ዘርግታ ስትቀመጥ ግን ልጃችንን በነጠላ እንሸፍንባታለን።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤሎች ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እስከዚያ ለመድረስ በእግር የተጓዙት በበረሃውና በመጠለያው በሺዎች አለቁ፤ በኢየሩሳሌም የሄርዝል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተጫነ። ከለበሱት በቀር የያዙት እምብዛም ነው። ምጣድ አልያዙም። በአምቦበር ተራራ ይከበር የነበረው ስግድ አሁን በኢየሩሳሌም ይከበራል፤ የእስራኤል ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል።

በአውሮፓ አይሁዳውያን ተገደሉ፤ በእኛ ዘንድ ሄዱ። ልዩነቱ ታላቅ ነውና አላቀላቅለውም። ነገር ግን አውሮፓውያን በየዓመቱ፣ እኛ ጳጉሜንን ስንቀበል፣ የአይሁድ ባህል ቀን ብለው የአሮጌ ምኩራቦችን በር ይከፍታሉ፤ ልጆቻቸው ገብተው «እነማን ነበሩ?» ብለው ይጠይቃሉ። በደብረ ማርቆስ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅበት ክፍል አላውቅም። በወለቃ የገዛሁት የሸክላ ቄስ አውቶቡስ ውስጥ አንገቱ ተቀጥፎ፣ አሁን በመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ በሙጫ ተጣብቆ ቆሟል።

የአያቴ ምጣድ ግን አልተሰበረም። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በኤሌክትሪክ ነው፤ አሮጌው ምጣድ ከነአክንባሎው ከማድቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የፕራጉን የስም ግድግዳ ባነበብኩ ሰሞን ለእናቴ አሳየኋትና ጠየቅኳት፦

«እማዬ፣ ይህን የሠራችው ሴትዮ ስሟ ማን ነበር?»

«እኔ እንጃ። ቡዳዋ ነበር የምንላት» አለችኝ፤ ከዚያም ዝም አለች። ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ቆይታ፣ «ልጅ ነበራት» አለች፤ «አንተን የሚያክል። ከሸክላው ኋላ ይቀመጥ ነበር።»