የሰማይ ትምህርት በሕዝብ መካከል

የሰማይን ሥርዓት መመርመር በኢትዮጵያ የትናንት ሥራ አይደለም። ነገር ግን ዕውቀት መኖሩ አንድ ነገር ሲሆን ለሕዝብ መዳረሱ ሌላ ነገር ነው። የሥነ ፈለክን ትምህርት ታሪክ የሚመለከት መምህር ይህን ልዩነት መርሳት አይገባውም።

መጽሐፈ ሄኖክ ሳይጐድል የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው። በእርሱም ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት ኆኅት ወጥታ በምዕራብ ስድስት ኆኅት እንደምትገባ፣ ዓመቱም 364 ቀን እንደ ሆነ ተጽፏል። በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ዲያቆን አቡሻክር ስለ ዘመን አቈጣጠር በዐረብኛ የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ወደ ግዕዝ ተመልሶ የሊቃውንት መማሪያ ሆነ። የባሕረ ሐሳብ መምህራን በ19፣ በ76 እና በ532 ዓመት ቀመር የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ እያስማሙ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ እያስረዱ፣ የፋሲካን ዕለት ያለ መነጽርና ያለ መሣሪያ አስልተው ያውጁ ነበር። ገበሬው ሒሳቡን ባይማርም በፍሬው ይጠቀም ነበር፤ ጾሙንና በዓሉን ያገኘው ከዚያ ነውና። ሆኖም ትምህርቱ የጊዜውን መቼነት እንጂ የፀሐይን፣ የምድርንና የጨረቃን ግንኙነት ለሁሉ የሚገልጥ አልነበረም።

ይህን ሁለተኛውን ትምህርት ወደ ሕዝብ ለማውጣት የታሰበው ዘግይቶ ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ሲመሠረት፣ ረኀብ ባልጠፋበት አገር ስለ ፕላኔቶች መናገር ለብዙዎች ከንቱ መስሎ ይታይ ነበር። ማኅበሩ ግን በየትምህርት ቤቱ ክበባትን እያቋቋመ ቀጠለ፤ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በእንጦጦ ተራራም የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አንዲቱን ሩቅ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያዋ የምትዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብሎ በኢትዮጵያ በተመረጠው ስም ሰየመ። ፕላኔት በፀሐይ ዙሪያ ብቻ እንደማይገኝ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አይገኝም።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ በላሊበላ አካባቢ እንደ ቀለበት ታየች፤ በሱዳን በኩል በገዳሪፍም በከፊል ተጋርዳለች። ድንበር ያልከለከለው ትምህርት ነበር። ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣና ብዙ ሺሕ ሰው ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሐምዳይት ወረደ። ከታኅሣሥ ማለቂያ ጀምሮም ስደተኞቹ ከድንበሩ ራቅ ወዳለው ወደ ቱነይድባ ተወሰዱ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን ራሷ በጦርነት ተያዘች። ትምህርት ቤቱን ትቶ የሸሸ ልጅ መጽሐፉንና ሰሌዳውን አጣ፤ ሰማዩን ግን አላጣም።

እንዲህ ባለ ሥፍራ ያለ መምህር መነጽር የለኝም ብሎ መተው አያስፈልገውም። ገዳሪፍ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ14 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 20 እና በነሐሴ 10 ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር በአናት ላይ ትቆማለች፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨትም ጥላ አይኖረውም። ተከዜ አትባራን፣ አትባራም ዐባይን ተቀላቅሎ በሚደርስባት በአስዋን ይኸው ነገር የሚታየው በሰኔ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ኤራቶስቴኔስ ይህን ሰምቶ፣ በዚያው ዕለት በእስክንድርያ የቀትሩን ጥላ ለክቶ፣ ማዕዘኑ የክብ 50ኛ እጅ መሆኑን በማግኘት የምድርን ዙሪያ አሰላ።

የዛሬ መምህራንም ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ። በመጋቢት ወይም በመስከረም ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ዕለት፣ አንዱ በአዲስ አበባ ሌላው በገዳሪፍ እንጨት ተክለው፣ በየሥፍራቸው ቀትር ከእንጨቱ ጫፍ ወደ ጥላው ጫፍ ገመድ ቢወጥሩ፣ ገመዱ ከእንጨቱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን በመጀመሪያው 9፣ በሁለተኛው 14 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 5 ዲግሪ፣ ማለት የክብ 72ኛ እጅ ነው። ወደ ሰሜን ያለው ርቀት 555 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በ72 ቢባዛ የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ይወጣል።

ባሕረ ሐሳብ ዘመናትን ተሻግሮ የቆየው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በመተላለፉና ለኑሮ በማስፈለጉ ነው። የእንጦጦው ቴሌስኮፕ ክብር ይገባዋል፤ ነገር ግን የሰማይ ትምህርት ሕዝቡን የሚያገኘው በየደጁ የሚያስረዳ መምህር ሲኖር ነው። ቤቱን ላጣ ልጅ፣ የቆመባትን ምድር በእንጨትና በጥላ ለክቶ ማወቅ እንደሚችል ማሳየት ትንሽ ስጦታ አይደለም።