ማህፀንን ምን ያዘው?

መጋቢት 9 በደረሰ ቁጥር የዶክተር ካትሪን ሐምሊን ስም በጋዜጦች ይነሳል። በ2012 ዓ.ም በዚሁ ዕለት፣ በ96 ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ አርፈዋል። ታሪካቸውን አንባቢ ያውቀዋል፤ በ1951 ዓ.ም ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ መጡ፤ የፊስቱላ ሕመምተኞችን አዩ፤ በዚያው ቀሩ። ስለዚህ ለመታሰቢያቸው የተሰጠኝን አምድ እህቷ ለሆነች ሌላ ሕመም ላውለው። ፊስቱላ ሆስፒታል አግኝቷል፤ በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ እንኳን ግንቦት 15 ቀን ይታሰባል። የማህፀን መውጣት ግን ከጎንደር ገጠር እስከዚህ እስከ ጅቡቲ ሆዳን ሰፈር ድረስ ሴት ለሴት በጆሮ የምትነጋገረው ነገር ሆኖ ቀርቷል።

ከሕመሙ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። ማህፀን በቦታው ሲቀመጥ ማን ነው የያዘው? ቀላል ይመስላል። ሐኪሞች ግን በዚህ ጉዳይ ለመቶ ዓመት ያህል ተከራክረዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያልወለደች ሴት ማህፀን 7 ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ50 እስከ 60 ግራም የሚሆን ክብደት አለው። ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት አዘንብሎ ሽንት ፊኛ ላይ ጋደም ይላል። በእርግዝና መጨረሻ ልጁና እንግዴ ልጁ ሳይቆጠሩ ጡንቻው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ በስድስት ሳምንት ገደማ መልሶ ይኮማተራል። ግራና ቀኙን ሰፊው ጅማት ይሸፍነዋል፤ ይህ ስሙ ጅማት ይሁን እንጂ የሆድ ዕቃ ሽፋን እጥፋት ነው፣ ክብደት አይችልም። ክቡ ጅማት ከማህፀን ትከሻ ተነስቶ በብሽሽት በኩል ያልፍና በውጫዊው ብልት ከንፈር ያልቃል፤ ሥራው ወደ ፊት መሳብ ነው። ክርክሩ ያለው ከዚህ በታች ነው፦ ከማህፀን በር ግራና ቀኝ ወደ ዳሌ ግድግዳ፣ እንዲሁም ወደ ኋላ ወደ ታችኛው የአከርካሪ አጥንት በሚዘረጉት ጠንከር ባሉት ጅማቶችና የዳሌን ወለል በሠሩት ጡንቻዎች መካከል።

የጥንት ግሪኮች እንዲህ ያለ ራስ ምታት አልነበረባቸውም፤ ማህፀን እንደሚንከራተት ያምኑ ነበርና። የቀጰዶቅያው አሬቴዎስ በእንስሳ ውስጥ እንዳለ ሌላ እንስሳ አድርጎ ጽፎታል፤ መልካም ሽታ ይስበዋል፣ ክፉ ሽታ ያባርረዋል ይላል። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት መጻሕፍት የወጣ ማህፀንን ለመመለስ ሴትየዋን በመሰላል ላይ አስሮ፣ ቁልቁል አዙሮ መነቅነቅ ታዝዟል። በግማሽ የተቆረጠ ሮማን ወደ ውስጥ ማስገባትም ይገኝባቸዋል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኤፌሶኑ ሶራኖስ ተነስቶ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው አለ። ማህፀን እንስሳ አይደለም፣ ሽታም አይከተልም፣ ሴትን በመሰላል መስቀልም አይገባም። በዚህ ጉዳይ ከጥንቶቹ ሁሉ የማከብረው እሱን ነው።

ከሶራኖስ በኋላ ያለው ዘመን ለዚህ ጥያቄ ብዙም አይረዳም። የአናቶሚ ሊቆቹ ቬሳሊየስ በ1543፣ ዊሊያም ሀንተር በ1774 ድንቅ ሥዕሎች አሳትመዋል፤ የሀንተር መጽሐፍ እርጉዝ ማህፀንን በእውነተኛ መጠኑ ያሳያል፤ የእርጉዞቹ አስከሬን ከየት ተገኘ የሚለው ዛሬም ያነታርካል። በሥዕል ያለ ማህፀን ግን ተጋድሞ ነው፤ ቆማ የምትሠራ ሴት ማህፀን አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ ዕውቀቱ በልምድ አዋላጆች እጅ ነበር፦ በቅቤ ማሸት፣ ከወሊድ በኋላ ወገብን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ አራሷን ገንፎ እያበሉ ማሳረፍ። ለምን እንደሚያስሩ ግን ጽፎ ያስቀመጠልን የለም።

እንግዲህ ወደ ጠቡ። በ1895 የበርሊኑ አልቪን ማከንሮት በማህፀን በር ግራና ቀኝ ያሉትን ጅማቶች አውጥቶ ዋናዎቹ ደጋፊዎች እነዚህ ናቸው አለ። በስሙም ተጠሩ። ቀዶ ሐኪሞች ወደዱት፤ ሊያዙት፣ ሊያሳጥሩት፣ ሊሰፉት የሚችሉት ነገር ሰጥቷቸዋልና። በእንግሊዝ አገር የማንችስተሩ ፎዘርጊል በዚሁ መንገድ ቆመ።

በ1907 ከቪየና ሌላ መጽሐፍ ወጣ። ጸሐፊዎቹ የማህፀን ሐኪሙ ዮሴፍ ሀልባንና የአናቶሚ ሊቁ ዩሊየስ ታንድለር ነበሩ። ሀልባን ቆየት ብሎ ዝነኛዋን የኦፔራ ዘፋኝ ሴልማ ኩርዝን ያገባ ሰው ነው። ታንድለር ግን ለብቻው አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ከመቃብር ተሰርቆ የነበረውን የሙዚቃ ሊቁን የሃይድንን የራስ ቅል መርምሮ በ1909 ጽፏል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቪየና ከተማን የጤናና የማኅበራዊ ድጋፍ ሥራ መርቶ ለከተማዋ አራስ እናቶች የሕፃን ልብስ ጥቅል ያሳደለ ሶሻሊስት ነው፤ ሊያኖሩት የሚገባው ሕይወት የትኛው ነው እያለ የጻፈው ነገር ደግሞ ዛሬ ስሙን ያጠለሽበታል። በ1934 ታሰረ፤ በ1936 ሞስኮ ላይ ሞተ።

የሀልባንና የታንድለር ሙግት ይህ ነው። ሴት ስትቆም፣ ስትስል፣ ስትሸከም የሆድ ግፊት ወደ ታች ይገፋል። ያን ግፊት የሚመክተው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው። በወለሉ መሃል ግን ለሽንት መውጫና ለወሊድ የተተወ ክፍተት አለ። ወሊድ ያንን ክፍተት ካሰፋው ማህፀን በዚያ ይገፋል። ጅማት ብቻውን ለዘወትር ግፊት አልተሠራም፤ ሲጎተት ውሎ ሲያድር ይለጠጣል።

የማከንሮት ወገኖች መልስ ነበራቸው። ሴት በማደንዘዣ ተኝታ ጡንቻዋ ሁሉ ሲላላ ማህፀኗ ተዘርግፎ አይወርድም፤ ቢጎትቱትም የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። በ1936 አሜሪካዊው ዊሊያም ሜንገርት ይህን በሙከራ አሳየ። በአስከሬን የማህፀን በር ላይ የአንድ ኪሎ ክብደት በክርና በመዘውር አንጠልጥሎ ጅማቶቹን ተራ በተራ ቆረጠ። ሰፊውም ክቡም ሲቆረጡ ብዙ ለውጥ አልመጣም፤ በማህፀን በርና በብልት የላይኛው ክፍል ጎን ያሉት ሲቆረጡ ማህፀን ወረደ። ነገሩ ያበቃ መሰለ።

ለእኔ ግን አላበቃም። አስከሬን አይስልም፣ እንስራ አያነሳም፣ ጡንቻውም አይኮማተርም። የሜንገርት ሙከራ ጡንቻ በሌለበት ማን እንደሚይዝ ይነግረናል እንጂ ጡንቻ ባለበት ማን እንደሚለፋ አይነግረንም። በ1964 ተመራማሪዎቹ ሬንጅና ውድበርን እነዚያን ጅማቶች በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ ደግሞ ያገኙት በአብዛኛው የደም ሥር፣ ነርቭና ላላ ያለ ህብረ ሕዋስ ነው።

ሁለቱን ወገኖች ካስታረቁት መካከል የሚቺጋኑ ጆን ዴላንሲ በ1992 ድጋፉን በሦስት ደረጃ ከፈለ፤ ላይ ጅማቶቹ፣ መሃል የጎን ማያያዣዎቹ፣ ታች የወለሉ ክፍል። በቀጣዩ ዓመት ፔጊ ኖርተን ያቀረበችው ምሳሌ ደግሞ የጅቡቲን ወደብ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። መርከብ በገመድ ታስሮ ይቆማል፤ ክብደቱን የተሸከመው ግን ውኃው ነው። ውኃው ከጎደለ መርከቡ በገመድ ይንጠለጠላል፣ ገመዱም ይበጠሳል። ውኃው የዳሌ ወለል ነው። ዴላንሲና ባልደረቦቹ በ2003 በኤምአርአይ ባሳተሙት ጥናት በተፈጥሮ መንገድ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለዱት ሴቶች ከአምስት በአንዷ ይህ ጡንቻ ተጎድቶ ታይቷል፤ ካልወለዱት ግን በአንዷም አልታየም። ታንድለር በሕይወት ኖሮ ይህን ምስል ቢያየው ደስ ባለው።

ለታንድለር የማዳላበት ሌላው ምክንያት ከዳባት የመጣ ነው። የሰሜን ጎንደሯን ወረዳ ሴቶች ያጠኑ ሐኪሞች የማህፀን መውጣትን በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ከባድ ሸክም ከመሸከም፣ ከተራዘመ ምጥና ከደጋ ገጠር ኑሮ ጋር ተያይዞ አግኝተውታል። ማገዶ በጀርባ፣ ውኃ በጀርባ፣ አቀበት ከነሸክሙ። ይህ ከቪየናው የግፊት ሙግት ጋር ይገጥማል።

በሆዳንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የሶማሌ እናት ከወለደች በኋላ አርባ ቀን ቤት ትቀመጣለች፤ ሲሞላ ይደገስላታል። በኦርቶዶክሱ ወገን ወንድ የወለደች በአርባ፣ ሴት የወለደች በሰማንያ ቀን ለክርስትና ትወጣለች (ለወገብ ከሆነ ሴት መውለድ ሳይሻል አይቀርም)። ሁለቱም ልማዶች ማህፀን ወደ ቦታው ለመመለስ የሚፈልገውን ስድስት ሳምንት ይሸፍናሉ፤ የሚያፈርሳቸው ዘመድ በሌለበት አገር ወልዶ በሳምንቱ ጀሪካን ማንሳት፣ ወደ ሰው ቤት ሥራ መመለስ ነው። ማህፀኗ ዝቅ ያለባት ሴት ሁሉ ደግሞ ቢላዋ ሥር አትገባም። አሜሪካዊው አርኖልድ ኬግል በ1948 ያስተዋወቀው የዳሌ ጡንቻን ማኮማተርና ማላላት ገና ሲጀምር ይረዳል፤ ገፋ ላለው ደግሞ ሐኪም ወይም የሠለጠነች አዋላጅ ለክታ የምታስገባው ፔሳሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበት አለ፣ በየጊዜው ወጥቶ ታጥቦ ይመለሳል።