በሕፃናት አንጎል ውስጥ ውኃ ሲቋጠር፦ በኢንዶስኮፕ የሚሰጠው ቀዶ ሕክምና

ከመስቀል አደባባይ ብዙም ሳይርቅ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አብዛኛው የመዲናዋ ነዋሪ የሚያውቀው በእናቶችና በፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናው ነው። ራሳቸው ከዕድሜያቸው በላይ ያደገ ሕፃናትን ታቅፈው ከየክልሉ ለሚመጡ ወላጆች ግን ሆስፒታሉ የሕፃናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበት ስፍራ ነው።

አንጎል የሚኖረው ውኃ በመሰለ ንጹሕ ፈሳሽ ተከብቦ ነው። በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይመነጫል፤ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈሳሹ ያለማቋረጥ መውጫ ማግኘት አለበት። መውጫው ሲዘጋ በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ ይጠራቀምና ሀይድሮሴፋለስ የሚባለው ሕመም ይከሰታል። ፈሳሹ በስስ የአንጎል ሽፋን መካከል ከረጢት ሠርቶ ሲቋጠር ደግሞ አራክኖይድ ሲስት ይባላል። ስያሜው የሸረሪት ድር ከሚመስለው ከዚሁ ሽፋን የመጣ ነው። ከረጢቱ ካንሰር አይደለም። አንዳንዴ ግን የፈሳሹን መተላለፊያ ተጭኖ ሀይድሮሴፋለስን ያስከትላል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በምርመራ የተገኘ ከረጢት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያሻውም። ብዙዎቹ የሚገኙት ሕፃኑ ወድቆ ወይም በሌላ ምክንያት ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ሲነሣ በአጋጣሚ ነው፤ ለእነዚህም ክትትል ይበቃል። ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን የሚያስቡት የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር፣ ዕይታ ሲዳከም ወይም ከረጢቱ የፈሳሹን መንገድ ሲዘጋ ነው። የጨቅላው ራስ በፍጥነት ሲያድግ፣ እርግብግቢቱ ሲወጠር፣ ትውከት ሲደጋገም፣ ዐይኖቹ እንደምትጠልቅ ጀንበር ወደ ታች ሲያዘቀዝቁ ወላጅ ጊዜ መስጠት የለበትም።

ለረጅም ዘመን ዋነኛው መፍትሔ ሻንት ነበር፤ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። ሻንት ፈሳሹን ከአንጎል በቆዳ ሥር ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። ሕይወትን ያድናል፤ ነገር ግን ይደፈናል፣ ያመረቅዛል፣ ልጁ ሲያድግም ሊያጥር ይችላል። ቱቦው በድንገት ሲደፈን በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ግድ ይሆናል። በአውቶቡስ የአንድ ቀን ጉዞ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ኢንዶስኮፕ ካሜራና መብራት ያለው ቀጭን መሣሪያ ነው። ሐኪሙ በራስ ቅል ላይ በሚከፈት አነስተኛ ቀዳዳ፣ በጨቅላዎች ደግሞ በእርግብግቢቱ በኩል ያስገባዋል። በስክሪን እየተመለከተ የሦስተኛውን የአንጎል ክፍተት ወለል ይበሳና ፈሳሹ ተፈጥሯዊ መውጫ እንዲያገኝ ያደርጋል። ሕመሙ አራክኖይድ ሲስት ከሆነ የከረጢቱን ግድግዳ ከፍቶ ከአጎራባች የፈሳሽ መተላለፊያ ጋር ያገናኘዋል። በልጁ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ባዕድ ቱቦ የለም።

ዘዴው አዲስ ይምሰል እንጂ እ.ኤ.አ. በ1923 ዊልያም ሚክስተር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የሽንት ቧንቧ መመርመሪያ መሣሪያን ተጠቅመው በአንዲት ሕፃን ላይ ሠርተውታል። ለአፍሪካ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከኡጋንዳዋ ምባሌ ከተማ ነው። ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ በዚያ ባደረጉት ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ወለሉን መብሳት ብቻውን የተሳካው በ47 ከመቶ ነበር። ፈሳሽ አመንጪውን ሕብረ ሕዋስ መተኮስ ሲታከልበት ግን ስኬቱ 66 ከመቶ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ሌላ የምባሌ ጥናት ደግሞ 100 ሕፃናትን በማሳተፍ ይህን ዘዴና ሻንትን አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕፃናቱ የአእምሮ ዕድገት ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ የኢንዶስኮፕ ብልጫ ከቱቦ ጥገኝነት ማላቀቁ ነው፤ ሻንትን ፈጽሞ የሚተካ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይሆንም።

በሀገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ በርገን ጋር በተፈጠረ ትብብር ነው። በዚህ ሥልጠና የተሳተፉት ኖርዌያዊው ፕሮፌሰር ክኑት ቬስተር በዓለም ዘንድ የሚታወቁት በዚሁ በአራክኖይድ ሲስት ምርምራቸው መሆኑ ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው። ቀደም ሲል ለስፔሻሊስትነት ወደ ውጭ መሄድ የግድ ነበር፤ ዛሬ በዘውዲቱም ሆነ በጥቁር አንበሳ ሕፃናትን የሚያክሙት በአብዛኛው እዚሁ የሠለጠኑ ሐኪሞች ናቸው።

ቀዶ ሕክምናው ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። የተከፈተው ቀዳዳም ከወራት፣ አልፎ አልፎም ከዓመታት በኋላ መልሶ ሊዘጋ ይችላል። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የራስ ዙሪያ ልኬት በአቅራቢያ ጤና ጣቢያ በየጊዜው መመዝገብ ይኖርበታል። ትውከት፣ ያልተለመደ እንቅልፋምነት ወይም የእርግብግቢት መወጠር እንደገና ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ታከመበት ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል።