ቅድመ ውል ስምምነት በንግድ ድርድር

ተደራዳሪ ወገኖች ዋናውን ውል ከመፈረማቸው በፊት የደረሱበትን የጋራ ሐሳብ በጽሑፍ የሚያሰፍሩበት ሰነድ ቅድመ ውል ስምምነት ይባላል። በንግዱ ማኅበረሰብ ዘንድ የመግባቢያ ሰነድ በሚል ስያሜም ይታወቃል። ሰነዱ በድርጅት ሽያጭ፣ በሽርክና ምሥረታና በሕንፃ ግዢ የሒሳብ ምርመራ እስኪጠናቀቅ ወይም የባንክ ብድር እስኪፈቀድ ድረስ ድርድሩን አጽንቶ ለማቆየት ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ሰነዱ "ቅድመ" ወይም "የመግባቢያ" ስለተባለ ብቻ ፈራሚዎቹን አያስገድድም ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1678 ለውል መኖር የሚጠይቀው የተዋዋዮችን ችሎታ፣ ጉድለት የሌለው ፈቃድ፣ በቂ እርግጠኝነት ያለውና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ እንዲሁም ሕግ ባዘዘ ጊዜ የተለየ ፎርም ነው። ሰነዱ እነዚህን ካሟላ፣ ርዕሱ ምንም ይሁን ምን፣ እንደ ውል ሊጸና ይችላል።

ለዋናው ውል የተለየ ፎርም በታዘዘ ጊዜ ቅድመ ውሉም በዚያው ፎርም መደረግ ይኖርበታል። ለአብነትም የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ አንቀጽ 1723 ያዛል። የታዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ በአንቀጽ 1720 መሠረት ሰነዱ ከረቂቅነት አያልፍም።

በድርድር ወቅት የሚሰጥ ቀብድም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 በተደነገገው መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በዚህም መሠረት የወፍጮ ማሽን ለመሸጥ 50,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ የተሻለ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ቢያፈገፍግ 100,000 ብር ለመመለስ ይገደዳል።

በመሆኑም ተደራዳሪዎች የትኞቹ አንቀጾች አስገዳጅ፣ የትኞቹ የሐሳብ መግለጫ ብቻ እንደሆኑ በግልጽ ለይተው ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ፣ ከሌላ ወገን ጋር ያለመደራደር ቃል፣ የወጪ አሸፋፈንና ስምምነቱ የሚያበቃበት ቀን ብዙውን ጊዜ በአስገዳጅነት ይመደባሉ። የሚከፈለው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ተመላሽ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ በጽሑፍ መገለጽ ያለበትም ከፊርማው በፊት ነው።