«መዕና» ከቶሌዶ እስከ ቪየና

ነሕው የቀራ ደረሳ ሁሉ «ለፍዝ» እና «መዕና» የተባሉትን ጥንድ ቃላት ያውቃል። ለፍዙ በጆሮ ይሰማል፤ መዕናው በልብ ይያዛል። ይህ የመድረሳ ቃል በአውሮፓ ፍልስፍና ውስጥም ረጅም መንገድ ተጉዟል።

ኢብን ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) «አሽ-ሺፋእ» በተሰኘው ሥራው፣ ስለ ነፍስ በጻፈበት ክፍል፣ የበግና የተኩላ ምሳሌ ያነሳል። በጓ የተኩላውን መልክና ቅርጽ በዓይኗ ታያለች። ጠላትነቱ ግን መልክም ቅርጽም የለውም፤ ሆኖም አውቃው ትሸሻለች። ኢብን ሲና ይህን በሕዋስ የማይደረስበት ነገር «መዕና»፣ የሚደርስበትን ኃይል ደግሞ «ወህም» ብሎታል። የኢብን ሲና ስም ሲነሳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ወንድሞች አሉ፤ ፈላስፎችን በብርቱ የተቹት ኢማም አል-ገዛሊ ግን በ«ተሃፉት» ይህንኑ ምሳሌ አስፍረው፣ በነፍስ ኃይላት ዝርዝር ውስጥ ሸሪዓ እንድንክደው የሚያስገድደን ነገር እንደሌለ ተናግረዋል።

በ12ኛው መቶ ዓመት ይህን ክፍል በቶሌዶ ከተማ አይሁዳዊው ሊቅ ኢብን ዳውድና ክርስቲያኑ ጉንዲሳሊኑስ ተረጎሙት። ኢብን ዳውድ ዐረብኛውን ቃል በቃል በአገሬው ቋንቋ ይናገራል፤ ጉንዲሳሊኑስ ወደ ላቲን ይመልሰዋል። «መዕና» በላቲን «ኢንቴንቲዮ» ተባለ፤ ወደ አንድ ነገር መዘርጋትን የሚያመለክት ቃል ነው።

በ1874 ፍራንዝ ብሬንታኖ የአእምሮ ክስተቶች ሁሉ መለያ ወደ አንድ ነገር ማቅናታቸው እንደሆነ ጻፈ፤ መውደድ የሚወደድ፣ ማሰብም የሚታሰብ ነገር አለው። ቃሉን ከመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት መውሰዱን አልሸሸገም፤ በግርጌ ማስታወሻው አርስጣጣሊስንም አኩዊናስንም ሲጠራ ኢብን ሲናን ግን አላነሳም። ከ1884 እስከ 1886 በቪየና ትምህርቱን የተከታተለው ኤድሙንድ ሁሰርል ሐሳቡን ተቀብሎና አርሞ፣ በ1900 እና 1901 ባሳተመው «የሎጂክ ምርምሮች» ፌኖሜኖሎጂን መሠረተ።

ከዚህ ተነሥቶ ፌኖሜኖሎጂን የኢብን ሲና ንብረት ማድረግ ግን አማናን ማጉደል ነው። ለኢብን ሲና መዕናው በተኩላው ዘንድ ያለ፣ በጓም የምትደርስበት ነገር ነው፤ ለብሬንታኖ የአእምሮው የራሱ አቅጣጫ ነው። ቃሉ በመንገድ ላይ ትርጉሙን ለውጧል። የቃሉ ውርስ ግን አይካድም፤ ብሬንታኖ የጠቀሰው አኩዊናስ ራሱ ስለ ውስጣዊ ሕዋሳት ሲጽፍ ያንኑ የበግና የተኩላ ምሳሌ ይዟል፤ እዚያው የኢብን ሲናን ስም በግልጽ ጠርቷል።