ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ፤ የመንገዱ ርዝመትና የጊዜው ማጠር



ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ምን ያህል ይርቃል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ እንደ ተጠያቂው ዘመን ይለያያል። ሲራራ ነጋዴው በቀን፣ የምድር ባቡር ሠራተኛው በኪሎ ሜትር፣ የአይሮፕላን ተሳፋሪው ግን በሰዓት ቈጥሮ ይመልሳል። መሬቱ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ ያጠረው ጊዜው ነው። ጊዜው ባጠረ ቍጥር ደግሞ በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች ዕድል ተለዋውጧል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

ሐዲድ ሳይዘረጋ በፊት ጉዞው የቅፍለት ነበር። በቈላው ግመል ሸክሙን ይዞ እስከ ጀልዴሳ ይዘልቃል፤ ከዚያ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ለግመል ስለማይመች ጭነቱ ወደ አህያና ወደ በቅሎ ይዛወራል። ቅፍለቱ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበት ነበር። ነገር ግን ባረፈበት ሁሉ ቀለብ ይገዛል፤ ቀረጥ ይከፈላል፤ ወሬ ይሰማል። የጊዜው መርዘም ለመንገደኛው ድካም፣ ለመንገዱ ዳር ሰው ግን እንጀራ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ ለሆነው መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሆኖም ተራራውን መውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ በሜዳው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቈረቈረች። ለብዙ ዘመን የንግድ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጐን ቀረች፤ ጀልዴሳም ጭነቱን ለባቡር አስረክቦ ጸጥ አለ።

የኩባንያው ገንዘብ ስላለቀና እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ተከራከሩበት ሐዲዱ በድሬዳዋ ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከወር በላይ ይፈጅ የነበረው ጉዞ በሦስት ቀን ተፈጸመ። በዚያን ጊዜ ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድር ነበርና ሁለቱም ስፍራዎች በእንግዳው ተጠቀሙ።

በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ደግሞ ፖቴዝ የተባለ የፈረንሳይ አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ መጣ፤ የሦስት ቀኑም መንገድ የሰዓታት ሆነ። ዛሬ በአየር 550 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ይህን ርቀት አይሮፕላን በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ያቋርጠዋል። ተሳፋሪው ግን አዋሽንም ድሬዳዋንም ሳይረግጥ ያልፋል እንጂ ከማንም ዘንድ እንጀራ አይገዛም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እንኳ የድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው።

እንግዲህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ የጊዜ ማጠር መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ካርታ ዘርግቶ መንገድ የሚቀይስ፣ በጀትም የሚመድብ አለ። የተረፈውን ሰዓት ሲያሰላ መንገዱ ጥሎት የሚያልፈውን ስፍራ አብሮ ይቍጠር። ሐረር ባቡሩ ቢያልፋትም በቅጥሯና በገበያዋ ጸንታ ኖራለች፤ ጀልዴሳ ግን ከቅፍለቱ በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።